ቀን ያልተቆረጠለት ቅጠል

ማርች 4
ዝናብ። ጎደሬ በዓሣ በላሁ። ለአሳማው ኮኮናት ፈቀፈቅኩለት። ሟች ባለቤቴ ሌይዋያ በእጇ እያጎረሰች ያሳደገችው ነው። የመንጋጋው ጥርስ እንደ ቀለበት ዞሮ ሊገጥም ጥቂት ቀርቶታል። ለተዝካሯ ነው። ለሌላ ለምንም አይታረድም።

ማርች 9
ልጄ ሌይማራ ከዋና ከተማችን ከቪላ መጣች። ዛጎላችንን እየገዛ የሸሚዝ ቁልፍ የሚሠራው ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። አለቃዋም አብሯት መጣ።

"ዛጎሉ እያለቀ ነው" አለ። "እንዲህ ከቀጠለ እኛም እንዘጋለን፣ እናንተም ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። ሦስት ዓመት አትልቀሙ። ለሚጠብቁት እንከፍላለን። ሲከፈትም ትንሹንም ትልቁንም ለዘር ትታችሁ መካከለኛውን ብቻ።"

ነገሩ ክፉ አልነበረም። ግን ወደ ልጄ ዞሮ "ሽማግሌው ገብቷቸዋል?" አላት። እኔ ፊቱ ተቀምጬ! በአባቴ ባሕር!

ተነሣሁ። ባሕር መዘጋቱን የሚያውጀውን የናሜሌ ቅጠል ቆርጬ ዳርቻው አለት ላይ ተከልኩ። "መረብም፣ መንጠቆም፣ ዛጎል ለቀማም የለም! ለፋብሪካም፣ ለመንደርም፣ ለኔም!" ደስ አለኝ።

ማርች 10
ለካ... ቀን አልቆረጥኩም። ቅጠል ሲተከል እስከ መቼ እንደሆነ ይጠራል። አባቴም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። እኔ ንዴቴን ብቻ ጠራሁ። ቀን ያልተጠራለትን ቅጠል የሚነቅለው የተከለው ሰው ነው፣ ያውም ጥርሱ የዞረ አሳማ አርዶ። በመንደራችን እንዲህ ያለ አሳማ አንድ ብቻ ነው። ጋጣዬ ውስጥ ቆሞ ያየኛል።

ማርች 21
ደረቅ ጎደሬ። ጎረቤቴ ካልሜት በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ፣ "አንተ ሽማግሌ! ባሕሩን ዘግተህ መክፈቻውን ለአሳማህ አጎረስከው አሉ!"
ሴቶቹ ሳቁ። ልጆቻቸው የጣሳ ዓሣ ነው የሚበሉት፣ ያውም ገንዘብ ያላቸው።
"ደግ አደረግኩ!" አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ኤፕሪል 2
ሌይማራ ደወለች።
"አባባ፣ መቼ እንደሚከፈት የማይታወቅ ባሕር ይዞ ፋብሪካው ምን ያቅዳል? ወደ ሌላ ደሴት ሊሄዱ ነው።"
"የእናትሽን አሳማ ልረደው?"
"እማ ስታጎርሰው የኖረችው ሰው እንዲበላው ነው ወይስ አንተ ቆመህ እንድታየው?"
ዘጋሁባት።

ኤፕሪል 3
ሳላርድ ብነቅል ይስቁብኛል። ባልነቅል ይራባሉ። ባርደው... ሌይዋያን ሁለተኛ መቅበር ነው። በየት ልውጣ?

ኤፕሪል 11
አረድኩት። በራሴ እጅ። ካልሜት እግሩን ያዘልኝ፤ አንድ ቀልድ ከአፉ አልወጣም።

ቅጠሉን ነቀልኩ። ሌላ ተከልኩ። በሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብዬ፣ "ዛጎሉ ብቻ! የሦስተኛው ዓመት የቦዬ ቁፋሮ እስኪያልፍ! ዓሣ የፈለገ ያጥምድ!" አልኩ።

ተዝካሯንም አብረን በላን። የፋብሪካው አለቃም ነበር። ልጄን ጠየቅኳት፦ "ሌይማራ፣ ሰውዬው ገብቶታል?"
መንደሩ ሁሉ ሳቀ። እሱም ቀላ፣ ግን ሳቀ።

ኤፕሪል 12
ኮኮናት ፈቅፍቄ ጋጣው ድረስ ሄድኩ። ባዶ። ይዤው ቆምኩ...

ጥርሱን መቃብሯ ላይ አኑሬዋለሁ።

ካልሜት ዘንድ ሄጄ የአሳማ ግልገል ጠየቅኩት።
"አብደሃል? ጥርሱ እስኪዞር እኮ ሰባት ዓመት ነው! አንተ የት ልትደርስ?"
"አልደርስም። ከኔ በኋላ ቅጠል የሚተክለው ሰውም ይናደድ ይሆናል።"

ግልገሉ ኮኮናቱን ከእጄ ላይ በላ።