የሮዟ ክኒን ስም

ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት የመድኃኒት ቤቶች ቁጥጥር ክቡር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ክቡርነትዎ በሙሉ ጤንነት እንዲሰነብቱ፣ ሳል የሚባል ነገር በደጅዎ እንዳያልፍ፣ ቢያልፍም እንኳ እኛ ሰፈር ካለው መድኃኒት ቤት እንዳያደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሜኮንግ ወንዝ ደለላማ ሜዳ፣ ከቦዩ ዳር ገበያ አጠገብ የምኖር ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በግል የጻፍኩልዎ ሦስት ደብዳቤዎች እስካሁን በመሳቢያዎ ውስጥ በክብር ዐርፈው ስለሚገኙ ነው።

አንደኛ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ወይም የመድኃኒቱን ስምና አወሳሰድ የሚገልጽ ጽሑፍ ሳይለጥፍ የሚሸጥ ሁሉ እንደሚቀጣ የሚያስጠነቅቀውን ማስታወቂያ ስላደሉልን እናመሰግናለን። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የቀድሞ ተማሪዬ ቢክ በባለ መስታወት ፍሬም አስገብታ ግድግዳዋ ላይ ሰቅላዋለች። ባለቤቴ ታም ሳል ይዟት በሄደች ዕለትም፣ ቢክ ከዚያው ማስታወቂያ ሥር ቆማ ክኒኖቹን ከእሽጋቸው በመቀስ ቆራርጣ፣ ሁለት ነጭ፣ ግማሽ ቢጫና አንዲት ሮዝ በየላስቲኩ ቋጥራ፣ «ጠዋትና ማታ አንዳንድ ቋጠሮ ዋጥ ነው፣ እትዬ!» ብላ ሸኝታታለች።

ሁለተኛ፤ ለቁጥጥር ሲመጡ እንዳንደነግጥ አስበው ከሳምንት በፊት በቀበሌው ድምፅ ማጉያ ስለሚያስነግሩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። እርስዎ በሚመጡበት ቀን ሁሉ ቢክ በሯን ትዘጋና «የአማቴ ሙት ዓመት ስለሆነ ዛሬ ዝግ ነን» የሚል ወረቀት ትለጥፋለች። ሙት ዓመት በጨረቃ ቢቆጠርም በዓመት አንዴ ነው የሚውለው፤ የቢክ አማት ግን ዘንድሮ አምስት ጊዜ ሞተዋል። በሕይወት ሳሉ እንኳ ይህን ያህል አልተከበሩም። ምስኪኗ ታም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት መስለዋት፣ ለመታሰቢያቸው ሙዝ ተሸክማ ሄዳ የተዘጋ በር ስትደበድብ ቆይታ ተመልሳለች።

ሦስተኛ፤ እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቅብኛል። ታም ሁለተኛውን ቋጠሮ እንደዋጠች ፊቷ አብጦ ትንፋሽ አጠራት። ሆስፒታል ስናደርሳት ሐኪሙ ምን እንደወሰደች ጠየቀኝ፤ አርባ ዓመት ሙሉ የዓለምን ወንዞች ስም ያስተማርኩ ሰው «ነጩንና ቢጫውን ለምዳቸዋለች፤ አዲሷ ሮዝ ናት» ብዬ መለስኩ። «አባቴ፣ ሮዝ እኮ ቀለም ነው፣ መድኃኒት አይደለም» አለኝ። ታም ተረፈች፤ ነገር ግን ያንኑ መድኃኒት ሳታውቅ ደግማ ከወሰደች ላትተርፍ እንደምትችል ሐኪሙ አስጠነቀቀን፤ ስሙንም ከሸጠችላት ሰው ጠይቀን እንድናመጣ ነገረን። ቢክን ሄጄ ለመንኳት። «ጋሼ ይሙቱ! ስሟን ከጠራሁ እኮ ሸጫለሁ ማለቴ ነው። ቅጣቱን እርስዎ ሊከፍሉልኝ ነው?» አለችኝ። ስም እንድትጽፍ የወጣው ቅጣት ስም እንዳትናገር አደረጋት ማለት ነው። ታም ከዚያ ወዲህ ራሷን ቢያማትም ክኒን አትነካም፤ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ፈርቻለሁ።

ስለዚህ ቢክ ትቀጣልኝ አልልም። አንድ ቀን ብቻ ሳያስነግሩ ይምጡና የክኒኗን ስም ይጠይቁልኝ።

በአምስቱም ሙት ዓመት በተዘጋው በር ፊት ቆመው የኀዘናችን ተካፋይ ስለሆኑ ውለታዎን የማልረሳ፣ በቢሮዎ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ የራሴ ቦታ ያለኝ፣ ታዛዥዎ፣

ልዎንግ ቫን ኪየም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሰኞ ሦስተኛውን ደብዳቤ ላስገባ ቢሮዎ ስገባ፣ እያሳለዎት ነበር፤ ከሻይ ብርጭቆዎ አጠገብም አንድ የላስቲክ ቋጠሮ አየሁ፤ ሁለት ነጭ፣ ግማሽ ቢጫ፣ አንዲት ሮዝ። ክቡርነትዎን የመሰለ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ስሙን የማያውቀውን ነገር እንደማይውጥ ስለማምን፣ የሮዟን ስም በዚህ ደብዳቤ ጀርባ ጽፈው እንዲልኩልኝ በትሕትና እለምናለሁ።