ቱቦው ላይ ያሉት ሁለት ጭረቶች

ጥር 4
ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የምሠራው ቴሌስኮፕ አለቀ። ከፊት አሮጌ አጉሊ መነጽር፣ ከኋላ ሰዓት ስጠግን ዓይኔ ላይ የምሰካት ትንሿ መስታወት። ማንም አላስተማረኝም። ከመስኮታችን ማዶ ያለው የማማ ሰዓት ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ ተገልብጦ፣ ግን ቁልጭ ብሎ። ሁለቱን መስታወት ቱቦው ላይ እዚያው በማጣበቂያ አደረቅኩት። ባለቤቴን ጠራኋት።
«ጉም ነው» አለች።
«ማየት አታውቂም» አልኳት።

ጥር 6
ባለቤቴ ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ዘንድ ጫማዋን ልታሰፋ ሄዳ እየሳቀች ተመለሰች። ቁራጭ ካርቶን በወስፌ ወግቶ «በዚች ቀዳዳ ይዩማ፣ እትዬ» አላት። ደጃፉ ላይ ቆማ የማማውን ሰዓት አነበበች። ሰባት ከሩብ።
በቀዳዳ! መስታወት እንኳ የለው…
ሠላሳ ዓመት «ስንት ሰዓት ሆነ?» ስትል የምነግራት እኔ ነበርኩ።

ጥር 8
ካርቶኗ ከእጇ አትለይም። ዛሬ ሰዓት አልጠየቀችኝም።

ጥር 9
ወደ ጓዳ ስትገባ ካርቶኗን አንስቼ ሞከርኩ። ያለ መነጽር ጋዜጣ አነበብኩ። የሷ ዓይን ሩቁን አያይም፣ የኔ ቅርቡን… ቀዳዳዋ ግን ለሁለታችንም ሠራች። የኔ ቱቦስ? በራሴ ዓይን ለክቼ፣ በራሴ ዓይን አደረቅኩት። እንዴት ይሄ ጠፋኝ?
ለጫማ ሰፊው አልነግረውም።

ጥር 10
በመጋዝ ቆረጥኩት። አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ እንዲንሸራተት አደረግኩ። ባለቤቴ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገፋችው።
«ቁጥሩ ሁሉ ታየኝ… አንተ ሰውዬ፣ ዘቅዝቀኸዋል እኮ።»
«እንደዚያ ነው የሚሠራው።»
የኔን ቦታ በምስማር ጫርኩ፤ የሷንም ጫርኩ።

ጥር 13
ጫማ ሰፊው ሊያይ መጣ። በኔ ጭረት ላይ አድርጌ ሰጠሁት።
«ጉም ነው፣ ጋሼ።»
ደስ አለኝ። እሷ ቱቦውን ተቀብላ ወደ ራሷ ጭረት ገፋችለት። ምንም ሳይነካ ሰዓቱን አነበበ። ዓይናቸው አንድ ልክ… ከሰፈሩ ሰው ሁሉ እሱ?
ፊቴን አይታ ሳቀች። «የቅናትህስ ጭረት የቱ ጋ ነው?»
ሲወጣ ግን ካርቶኗን አስታወስኩ። ያለሱ ወስፌ ቱቦው እስካሁን ጉም ነበር።
ጠራሁት። ቱቦውን ሰጠሁት።
«እስከ መቼ፣ ጋሼ?»
«እስከ አሥር ሰዓት። ሰዓቱን እያየህ መልስ።»
አሥር ከሩብ ሆኗል። አልመለሰም። ይመጣ እንደሆነ ለማየት መስኮቱ ጋ አልሄድኩም።

እሺ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ።