በሲሚንቶ የተከደነው ቦይ

ጃንዋሪ 9
ዝናብ። ጃቫ በጃንዋሪ ሌላ ሥራ የላትም... ከሰዓት የመንደሩ ስብሰባ። ቦያችን በሲሚንቶ ሊከደን ነው። ላዩ ይቀባል፣ አበባ ይደረደርበታል፤ ለውብ መንደር ውድድር። “ከሥር ውሃ ከቆመ ትንኝ ይፈለፈልበታል” አልኩ። ሊቀ መንበሩ ካርሶኖ ምን አለ? “ቡ ራትሚ፣ ይሄ የመንገድ ስብሰባ ነው። መርፌዎን ለጤና ጣቢያው ያቆዩት።” ነርስ ስለ ቦይ ምን ታውቃለች ብለው ሳቁብኝ። የቦዩ መሐንዲስ ከፕላኑ ቀና ብሎም አላየኝ። ንድድ አልኩ።

ጃንዋሪ 28
አንደኛ ወጣን! ጎረቤቴ ቱሚኒ በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ ለሰፈሩ አዳረሰች። ልጇ ዌኒንግ አዲሱ መንገድ ላይ ገመድ ስትዘል ዋለች። ያምራል፣ አልዋሽም።

ፌብሩዋሪ 6
በክዳኖቹ መሐል ባትሪ አበራሁ። ውሃው ቆሟል። የትንኝ ዕጭ ይርመሰመሳል። ለካርሶኖ ነገርኩት።
“ከንቲባው ሽልማቱን ሳይሰጡን አንድ ክዳን አይነሳም! የትንኝ መድኃኒት ጭስ እናስነፋለን።”
“ጭስ ዕጭ አይገድልም።”
“ሰው ግን ሲያየው ደስ ይለዋል።”

ፌብሩዋሪ 12
ዌኒንግ አተኮሳት። ቱሚኒ ጀርባዋን በሳንቲም ፍቃታለች፤ ቀይ ሰንበር በሰንበር። “ንፋስ ገብቷት ነው፣ ቡ ራትሚ፤ በዚህ ይወጣላታል።” የትንኙ በሽታ፣ ደንጊ ቢሆንስ? ሆስፒታል ውሰጃት አልኳት። “ትኩሳቱ ይውረድላትና...”

ፌብሩዋሪ 16
ትኩሳቱ ወረደ። ቱሚኒ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ነኝ የፈራሁት። ደንጊ የሚከፋው ሲበርድ ነው። የዌኒንግ እጅ በረዶ... በሞተር ሳይክል፣ መሐላችን አድርገን ይዘናት ወደ ሆስፒታል በረርን።

ፌብሩዋሪ 17
ሞተች።

ፌብሩዋሪ 20
ጭስ ነፊዎቹ መጡ። ሰው ለማየት ወጣ። በሬን ዘጋሁ።

ፌብሩዋሪ 24
የሽልማቱ ቀን። ድንኳን፣ ወንበር፣ ከንቲባው። ቱሚኒ ዲጂኖ ይዛ መጣች። የቦዩን ክዳን መፈንቀል ጀመረች።
“ቱሚኒ፣ እንግዶች አሉ... ነገ” አለ ካርሶኖ።
“ነገ ተረኛዋ የማን ልጅ ናት?”
ክዳኑ ተነሳ። ትንኙ ግር ብሎ ወጣ፤ እንግዶቹም ከወንበራቸው ተነሱ። ካርሶኖ እጅጌውን ሰብስቦ የሁለተኛውን ክዳን ጫፍ ያዘ።
መሐንዲሱ ፕላኑን ይዞ ወደ እኔ መጣ። “ቡ ራትሚ፣ እስቲ ውሃው የቆመበትን ያሳዩኝ...” ስንት ነገር ልለው ነበር። ዲጂኖውን ከቱሚኒ እጅ ተቀበልኩ፤ እሷ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።