የፑሽፓ ታሪክ አሽሙር አልነበረም

ኦስሎ፣ ትሮስተሩድ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎት እማዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሜሉ ሁለት የታች ጥርስ አውጥታ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች። ንዋይ «እንደ እናቴ ናት፣ የያዘችውን አትለቅም» ይላል። እኔ አላልኩም፣ ልጅዎ ነው ያለው።

ትናንት እየሩሳሌም ደወለች። ወንድሟን ንዋይን ትታ እኔን መፈለጓ ገርሞኝ ሳዳምጣት፣ «እማዬን በሕንድ ተረት ሰድበሽ አባረርሻት አሉ» አለችኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሦስት ወር ሊቀመጡ መጥተው ገና በወሩ «ቤቴን ለሰው አደራ ብዬ ነው የመጣሁት» ብለው ትኬትዎን ሲያስቀይሩ ብርዱ ነው ብዬ ነበር። ንዋይ እስከ ዛሬም ብርዱ ነው ይላል።

የላይኛዋ ጎረቤታችን ፑሽፓ ቅዳሜ ቅዳሜ የሕንድኛ መጽሐፏን ይዛ ስትወርድ ምን ያህል ደስ ይለን ነበር! ስለ ሴቶች ኑሮ የተጻፈውን እያነበበች በኖርዌይኛ ትነግረኛለች፣ እኔ ለእርስዎ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ እርስዎ ሜሉን ታቅፈው ባሎቹን ይረግማሉ። የመጨረሻው ቅዳሜ ታሪክ ስለ አንዲት ምራት ነበር። የጨው ዕቃዋን የትም ብታስቀምጥ አማቷ መልሳ ምድጃው አጠገብ ታደርግባታለች። እርስዎ ደግሞ በዚያው ሳምንት በርበሬዬን ከላይኛው መደርደሪያ አውርደው ምድጃው አጠገብ አድርገውት ነበር። በማርያም ይመኑኝ፣ ስተረጉም ሁለቱን አላገናኘኋቸውም። ፑሽፓንም ዛሬ ጠየቅኳት። የደረሰችበትን ገጽ ነው ያነበበችው፣ ስለ በርበሬው የምታውቀው ነገር የለም።

ግን አልፈርድብዎትም። እኛ አገር ቅሬታ ያለው ሰው በሌላ ሰው ስም ነው የሚናገረው። በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም አሽሙር ነው ብዬ እነሳ ነበር።

በመሃል ተነስተው መኝታ ቤት ስለገቡ መጨረሻውን አልሰሙም። አማቲቱ ሴት ልጇን ልትጠይቅ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። ምራቲቱ ወጥ ቤቱን እንደ ልቧ ታዘጋጃለች፤ ወጥ ስትሠራ ግን እጇ ጨው ፍለጋ ወደ ምድጃው ይሄዳል። በስተመጨረሻ ዕቃውን እዚያው መልሳ ባሏን «እናትህ መቼ ነው የምትመጣው?» ትለዋለች። ታሪኩ ይኸው ነው።

አልዋሽዎትም፣ በርበሬው አናዶኝ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ወጥ ቤት አብራኝ የቆመች ሴት ኖራ አታውቅም። ሲናደዱ ምን እንደሚባል፣ እንዴትስ ተመልሶ እንደሚሳቅ አልተማርኩም። እኔ ዝም አልኩ፣ እርስዎም ዝም አሉ። በስልክ ልነግርዎት ሞክሬ ጤናዎን ብቻ ጠይቄ ዘጋሁ። ለዚህ ነው ያገራችን ልጅ ታደገ አዲስ አበባ ሲሄድ ይህን ደብዳቤ የሰጠሁት። የጉልበት ቅባትም ልኬልዎታለሁ፣ ማታ ማታ ይቀቡት። ለጎረቤት አያድሉት።

ከጥር ጀምሮ ንዋይ ፓፓፐርሙን፣ የአባትነት ፈቃዱን ማለቴ ነው፣ ወስዶ ከሜሉ ጋር ቤት ይውላል፣ እኔ አልናብሩ ሰፈር ወዳለው የመጋዘን ሥራዬ እመለሳለሁ። በነሐሴ ደግሞ ሜሉ ባርነሃገ፣ የሕፃናት መዋያው፣ ትገባለች። ስለዚህ ልጅ የሚይዝልን ሰው አልቸገረንም። ንዋይም ይህን መጻፌን አያውቅም፣ ናፍቆታል ብዬ በእሱ አላመካኝም።

እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ደጅዎን ሰላም ያድርግልዎት።

እማዬ፣ ተመልሰው ይምጡ። የምፈልግዎት እኔ ነኝ።

ልጅዎ
የምሥራች