ሔርሜላ ጣቷን ምላጩ ላይ እንዳደረገች አምስት ሳምንት ቆማለች

ይድረስ ለክቡር አቶ ተክለወልድ
የ«ኩልፎ ዳር» ንባብ ቤት የመጻሕፍት መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ አባያ ሐይቅ የሰፋ፣ እንቅልፍዎ ፀሐይ እንደሚሞቅ የጫሞ አዞ የረጋ፣ የወባ ትንኝም የቤትዎ አቅጣጫ የሚጠፋባት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባሏ የሞተባት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ የሰፈርዎ ሴት ነኝ። በንባብ ቤትዎ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ዘጠኝ ዓመት ስቀመጥ ከ«ደህና ዋሉ» ያለፈ ቃል አልወጣኝም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ከማስታወቂያዎ ጎን ተለጥፎ ሲያገኙት ቢደነቁ አልፈርድብዎትም። እኔ ራሴ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ በራሴ ስቄያለሁ።

ለአላፊ አግዳሚው ነገሩን ላስረዳ። የሰባት ልብወለዶች ጸሐፊ የሆኑት ደራሲ ዘርአብሩክ ባለፈው ሰሞን በራዲዮ ቀርበው «ጠመንጃ የሌለው ቤት መቀርቀሪያ የሌለው በር ነው፤ እያንዳንዱ አባወራ የመታጠቅ መብቱ ሊከበርለት ይገባል» አሉ። በሦስተኛው ቀን የእርስዎ ማስታወቂያ ወጣ፦ የደራሲው አቋም ከአካባቢያችን የሰላም እሴት ጋር ስለማይሄድ መጻሕፍቱ ላልተወሰነ ጊዜ ከንባብ ታግደዋል። ማኅተሙ ሁለት ቦታ ተመቷል። አንደኛው ማኅተም ለእገዳው፣ ሁለተኛው ለደስታው መሆኑን ገምቼ፣ ስለ ሰላማችን ለከፈሉት ድካም ምስጋናዬን በግንባሬ ተደፍቼ አቀርባለሁ። ከምስጋናው ቀጥሎ ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝና በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ቀኑ። ሰባተኛውን መጽሐፍ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ነበርኩ። ሔርሜላ፣ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ አብሬያት የኖርኩት የደራሲው ጀግና፣ ወንድሟን የገደለውን ሰው በአንድ መጋዘን ውስጥ ብቻውን አግኝታዋለች። ጠመንጃው በእጇ ነው፤ ጣቷ ምላጩ ላይ ነው። በዚህ መካከል «የመዝጊያ ሰዓት ደርሷል» ተባለና መጽሐፉን መልሼ ወጣሁ። በማግስቱ ስመጣ መደርደሪያው ባዶ ነው። ይኸው አምስት ሳምንት ሙሉ ሔርሜላ ጣቷን ምላጩ ላይ እንዳደረገች ቆማለች። ክቡር ሆይ፣ ክንዷ አይዝልም? ሰውየውስ ገዳይ ቢሆን፣ አምስት ሳምንት ሙሉ እጁን ወደ ላይ አንስቶ መቆም የሚገባው ነው? በየትኛውም አገር ሕግ እንዲህ ያለ ቅጣት ያለ አይመስለኝም።

ጉዳቱ በእኔ ላይ ብቻ አይቆምም። ጥጥ የምትፈትለው ጎረቤቴ ሻሺቱ ፊደል አልቆጠረችም፤ ማታ ማታ የቀን ንባቤን የምነግራት እኔ ነኝ። በሯ ላይ ባለፍኩ ቁጥር እንዝርቷን አቁማ ትጠብቀኛለች።

«ተኮሰች?»

«አላውቅም፤ መጽሐፉ ተቆልፎበታል።»

«ውሸታም! አንብበሽ ለብቻሽ ልትስቂ ነው!»

የሠላሳ ዓመት ጉርብትናችን በእርስዎ ማኅተም ሊፈርስ እንደሆነ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ። ለእኔ ደግሞ ነገሩ ከወሬ ጥም ያለፈ ነው። ሁሉም ይታጠቅ ያሉት ሰው፣ ያስታጠቋትን ሴት በመጨረሻ ምን እንዳስደረጓት ማወቅ አለብኝ። እርሱን ሳላውቅ እርስዎ በአንድ ሌሊት እንደፈረዱት መፍረድ አልቻልኩም።

ሁለተኛ፤ ስለ ትጋትዎ። ኮሚቴው በሰባቱ ልብወለዶች ሳይወሰን ሽፋናቸው ላይ መሣሪያ የሚታይባቸውን መጻሕፍት ሁሉ በአንድ ከሰዓት ለቅሞ ማስወገዱን ሰምቼ ኮርቻለሁ። ከተለቀሙት መካከል የሙዝ ተባይ መከላከያ መመሪያ ይገኝበታል፤ ሽፋኑ ላይ አንድ ገበሬ የመድኃኒት መርጫ በትከሻው አንግቦ ወደ ሙዝ ግንድ አነጣጥሯል። ገበሬዎቻችን ይህን መጽሐፍ አንብበው በትል ላይ ጦርነት ሳያውጁ ስለደረሱልን ትሎቹም ሳያመሰግኑዎት አይቀሩም።

የታገዱት መጻሕፍት በዕቃ ቤት ተቆልፈው በሩ ላይ ዘበኛው ጋሽ አሸናፊ ቆመዋል፤ ትከሻቸው ላይ ንባብ ቤቱ የሰጣቸው ጠመንጃ አለ። ስለ ጤናቸው ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «አይ ወርቄ! መጽሐፎቹ ጠመንጃ ወደዱ ተብለው ታሰሩ፤ ከዚያ ጠመንጃ ያዥ አቆሙባቸው። ወይ እነሱን ይፍቱ፣ ወይ እኔንም ይሰሩኝ!» ክቡር ሆይ፣ እኚህ ሰው ለመንግሥትም ለንባብ ቤትም ታማኝ ናቸው፤ ሲናገሩ የሳቁትም አፋቸውን ይዘው ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ እኔ ሰላም ሲወሰን እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ይህ ቅሬታ ረዘም ይላል፤ ወንበር ካለ ይቀመጡ።

ፊደል የቆጠርኩት ባሌ ከሞተ በኋላ፣ በልጄ በቤተልሔም የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ነው። እርሷ ማታ ስትተኛ እኔ የዕለቱን ገጽ እሰርቅ ነበር። አንድ ቀን ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ኦቾሎኒ ገዛሁ፤ የተጠቀለለበት ወረቀት የልብወለድ ገጽ ነበር። አንዲት ሴት በጀልባ ላይ ሆና «ወደ ኋላ የምታይ ከሆነ አልመጣም» ትላለች። ከዚያ ገጹ አለቀ። ለማን እንደምትለው ለማወቅ በማግስቱ ሄጄ ኦቾሎኒ ገዛሁ። ሻጯ የሰጠችኝ ከመጽሐፉ መጨረሻ ያለውን ገጽ ነበር። በሦስተኛው ቀን «እህቴ፣ ከመሐል በኩል ጠቅልይልኝ» ብዬ ለመንኳት፤ ሻጯ ጤነኛ መሆኔን ተጠራጠረች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሆዴ እስኪነፋ በልቼ ምዕራፍ ሁለትን እንኳ አልጨረስኩም። ያ የደራሲ ዘርአብሩክ የመጀመሪያ መጽሐፍ ነበር። የማንበብን ጣዕም ያወቅኩት በእርሳቸው እጅ ነው፤ ከጨው ጋር።

ስለዚህ በራዲዮ ሲናገሩ ስሰማቸው የማውቀው ዘመድ በሰው ፊት ያሳፈረኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ስለ መቀርቀሪያው ተሳስተዋል። መሳሳታቸውን የማውቀው ከእርስዎ ማስታወቂያ አይደለም፤ ከራሴ ቤት ነው።

ባሌ ሀይሌ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳ ነበረው። ከርከሮ ይገባበታል፤ ሌባም አልፎ አልፎ ዘለላ ይቆርጥበታል። «ጎረቤት ሁሉ ታጥቆ አንተ በዱላ ትቆማለህ፤ ወንድ አይደለህም?» ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ጨቀጨቅኩት። በመጨረሻ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ገዛ። በአራተኛው ወር፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ቅጠል ተንኮሻኮሸና ተኮሰ። ከርከሮ አልነበረም። ውሃ ወደ ማሳው ሊያዞር የመጣው ጎረቤታችን እንድሪያስ ነበር፤ ጥይቱ ጉልበቱን ሰበረው። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል።

ሽማግሌዎች ከደጋ ወርደው፣ ያጠፋ ሰው ጥፋቱን አንድም ሳያስቀር በሚናገርበት፣ እኛ ዱቡሻ በምንለው አደባባይ ተቀመጡ። ሀይሌ ለይቅርታ እርጥብ ሣር ይዞ ተንበረከከ። «ጠመንጃውን ምን አስገዛህ?» አሉት። «ልቤ ፈለገው» አለ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። ዝም አልኩ። ሀይሌ የሁለታችንን ጥፋት ብቻውን ተሸክሞ ካሰ፣ ታረቀ፣ ጠመንጃውንም ለሽማግሌዎች አስረከበ። ከስድስት ዓመት በኋላ በበሽታ እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን አላነሳብኝም። እኛ ዘንድ ተደብቆ የቀረ ጥፋት ጎሜ ነው፤ ሳይነገር ከቆየ ቤት ይበላል ይባላል። የእኔን ቤት አልበላም፤ እኔን ግን ቀስ እያለ ሲግጠኝ ኖሯል።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። በደራሲው ሦስተኛ መጽሐፍ ውስጥ ባሏን ለጠብ ገፋፍታ፣ እርሱ ሲከሰስ ከሰው መሐል ተቀምጣ ዝም የምትል አንዲት ሚስት አለች። ሦስት ገጽ ብቻ ናት፤ ስም እንኳ አልሰጧትም። እኔ ግን ሳያት አወቅኋት። ሽማግሌም የንስሐ አባትም ያልጠየቁኝን ነገር እነዚያ ሦስት ገጾች ጠየቁኝ። ክቡር ሆይ፣ በአፋቸው ቤቱን ሁሉ አስታጥቁ የሚሉት ሰው፣ ጠመንጃ የገባበት ቤት ምን እንደሚሆን በእጃቸው ከእኔ አብልጠው ጽፈውታል። ምናልባት የራሳቸውን መጽሐፍ ለማንበብ ጊዜ አላገኙ ይሆናል። ከአፋቸው ጋር ተጣልቻለሁ፤ እጃቸውን ግን እስከ ዛሬ እስማለሁ።

ይህ ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል ነው ብዬም አልዋሽዎትም። በሁለተኛው መጽሐፍ ሔርሜላ የእስር ቤቱን ቁልፍ በጥይት ስትበጥሰው እልል ብያለሁ፤ እዚያው ንባብ ቤትዎ ውስጥ፣ «ጸጥታ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር። ጠመንጃ ያቃጠላት ሴት በጠመንጃ ድምፅ እልል ስትል ያየ ሰው ምን ይላል? ለአንድ ሳምንት አፈርኩ። ቀጥሎ ያንኑ ገጽ ደግሜ አነበብኩት፤ እንደገናም እልልታ ሊያመልጠኝ ነበር። ሁለቱም እኔ ነኝ። ታዲያ አንዷ ወርቄ እንዲህ ለሁለት ከተከፈለች፣ አንድ ደራሲ ለሁለት ቢከፈል ምን ይደንቃል?

አሁን ደግሞ እውነተኛውን ምስጋናዬን ይቀበሉ። መጻሕፍቱን ሲቆልፉ ያቺን ሚስትም ቆለፉብኝ። ለዓመታት በእኔ ፋንታ የምታፍረው እርሷ ነበረች፤ እርሷን ሳጣ ማፈሩም መናገሩም ለእኔ ቀረ። ባለፈው ማክሰኞ ወደ እንድሪያስ ማሳ ሄድኩ። ቦዩ ዳር ተቀምጦ አካፋውን ያጥባል። «ጠመንጃውን ያስገዛሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

አካፋውን አስቀመጠ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ክቡር ሆይ፣ ሳቀ! ሆዱን ይዞ ሳቀ!

«እትዬ ወርቄ፣ ምን ነካሽ? ዓመቱን ሙሉ ስትጨቀጭቂው ከቦዩ ማዶ ሆኜ ስሰማ ነው የከረምኩት። ‹በዱላ ትቆማለህ› እያልሽ! ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሽማግሌዎቹም ሳያውቁ የቀሩ እንዳይመስልሽ።»

«ታዲያ ሁላችሁም ለምን ዝም አላችሁ?»

«አንቺ እስክትናገሪ ነዋ! ሌላ ሰው ቢናገረው ምን ይረባል? ሃያ ሁለት ዓመት ይፈጅባታል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።»

አለቀስኩ፤ እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅ ቀደመኝ። እርጥብ ሣር ከቦዩ ዳር ነጭቼ ያዝኩለት፤ ተቀበለኝ። ስመለስ ከኋላዬ ጠርቶኝ «ለመሆኑ ያቺ ልጅ ተኮሰች?» አለኝ። ሻሺቱ ለእርሱም ነግራዋለች።

አራተኛና አምስተኛ ቅሬታም ነበሩኝ፤ ሦስተኛው ወረቀቱን በላባቸው። ስለዚህ ወደ ልመናዬ ልግባ። ሰባቱን መጻሕፍት ይፍቱልን። ደራሲው በራዲዮ ያሉትን ከመደርደሪያው በላይ በትልቁ ጽፈው ይለጥፉ፤ ከሥሩ እኔ መልሱን እጽፋለሁ፤ የእንድሪያስ ጉልበት እንዴት እንደተሰበረም እጨምራለሁ። የሚያነብ ሰው ሁለቱንም አይቶ ያንብብ። ከተቻለም ደራሲውን ይጥሩልን። በእኛ ወግ ያጠፋ ሰው አደባባይ መጥቶ ይናገራል፤ ይደመጣል፤ ይወቀሳል። ተቆልፎበት አያውቅም። መጥተው ቢቀመጡ ስለ መታጠቅ መብት ረጅም ንግግር አላደርግባቸውም። አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃቸዋለሁ፦ ያቺን ስም የሌላት ሚስት ከየት አገኟት? መልሱን ሲሰጡ ዓይናቸውን ማየት እፈልጋለሁ።

ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ለሰላማችን ያለዎት ሥጋት ከእኛ ዕድሜ ይልቅ እንዲረዝም እየጸለይኩ፣ ከታላቅ አክብሮት፣ ከትሕትና እና ከብዙ ያልተነበቡ ገጾች ጋር እሰናበታለሁ።

ዝም ስትል የኖረችው አንባቢዎ
ወርቄ ቶማ

ማስታወሻ፤ ባለፈው ቅዳሜ እኛ የቸገረን ሰዎች ከንባብ ቤትዎ በር ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ተሰብስበን ሰባተኛውን መጽሐፍ እያንዳንዳችን በየራሳችን ፍጻሜ ጨረስነው። በሻሺቱ ፍጻሜ ሔርሜላ ትተኩስና ትስታለች፤ ጥይቱ የኮሚቴ ሰብሳቢ ባርኔጣ ይዞ ይሄዳል። በእንድሪያስ ፍጻሜ ጠመንጃው መጀመሪያውኑ ጥይት አልነበረውም፤ ይህንን የሚያውቀው የኮሚቴው ሰብሳቢ ብቻ ነው፤ ደንግጦ ግን አይናገርም። በእኔ ፍጻሜ ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀምጣ የልቧን ትናገራለች፤ ሰብሳቢው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። እንግዲህ አንድ ፍጻሜ የነበረው መጽሐፍ እርስዎ ከቆለፉበት ወዲህ ሦስት አግኝቷል፤ የፊታችን ቅዳሜም አሥራ አንድ ሰው እመጣለሁ ብሏል። በሦስቱም ውስጥ እርስዎ አሉ። በአንዱም ውስጥ መጽሐፉን አላነበቡትም፤ ይህን ደግሞ ማናችንም ከልባችን አልፈጠርነውም።