ትልልቁን እንቁላል የለቀመ ሰው

ኤድንብራ ሰፈር፣ ትሪስታን ደ ኩኛ ደሴት
ሴፕቴምበር 1994

ውዷ እማዬ፣

ይህን ደብዳቤ በእጅሽ የሰጠሽ አባዬ ነው። ስለዚህ እስካሁን አይተሽዋል፣ አልቅሰሻል፣ ምናልባትም ተቆጥተሻል። አሁን ሻይ አፍላ በይውና ቁጭ ብለሽ አንብቢኝ። «ማንም እንዳይመጣ፤ በእኔ ምክንያት ቤት እንዳይዘጋ» ብለሽ ከኬፕ ታውን የጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶን ነበር። አባዬም ክረምቱን ሙሉ ታዘዘሽ። እኔ የምጽፍልሽ መታዘዙ እንዴት እንዳቃተው ልነግርሽና በሚቀጥለው መርከብ እንዳትመልሺው ልለምንሽ ነው።

ያለ ኩላሊት እጥበት መኖር እንደማትችዪ፣ እጥበቱም ከኬፕ ታውን ወዲህ እንደማይገኝ ዶክተሩ ከነገሩን ወዲህ እቤታችን ውስጥ ማንም የጀመረውን ወሬ አልጨረሰም። አባዬ ድንች ሊኮተኩት ይሄድና ዶማውን ረስቶ ይመለሳል። ዶማውን ሊያመጣ ይወጣና አጥሩን ተደግፎ መርከብ የሌለበትን ባሕር ሲያይ ይመሻል። አያቴ፣ ያው እናትሽ፣ መድኃኒቱ ምግብ ነው ብላ በግ ስትቀቅልልን ከረመች። እኔም ደክሞኛል እማዬ። በአሥራ አምስት ዓመቴ እንደ አሮጊት ወገቤን ይዤ ነው ከአልጋ የምነሣው።

ታዲያ ሰሞኑን ወደ ናይቲንጌል ደሴት ለእንቁላል ለቀማ ሄድን። ጀልባውን የሚመሩት እንደ ወትሮው የአባዬ አጎት፣ አጎት አምብሮዝ ናቸው። ታውቂያቸው የለ፤ ደመና ያነባሉ እንጂ የራሳቸውን ጫማ አያገኙም። እኔን ፔንግዊን እንድቆጥር ወሰዱኝ። ሽማግሌዎቹ ሲቆጥሩ አንዱን ፔንግዊን እየተቀባበሉ ስለሚቆጥሩት፣ አምና መንጋው ባንድ ጊዜ እጥፍ ሆኖ ነበር።

ስንደርስ የምናድርበት ጎጆ በር ላይ አንድ ግዙፍ አቆስጣ ከባሕር ወጥቶ ተጋድሞ ያንኮራፋል። ሽማግሌዎቹ ሸንጎ ተቀመጡ። አጎት አምብሮዝ ኮፍያቸውን አውልቀው በትሕትና ለመኑት። አጎት ሳይለስ ደግሞ ልመና ለቄስ ነው ብለው፣ ጣሳ እየደበደቡ አፍንጫው ሥር ሄዱ። አቆስጣው አንድ አይኑን ገለጠና ፊታቸው ላይ አነጠሰባቸው። ጢማቸው ላይ የተንጠለጠለውን ብታዪው ኖሮ ሕመምሽ ይለቅሽ ነበር። ሁሉም መሬት ላይ እየተንከባለለ ሲስቅ አባዬ ብቻ አልሳቀም። ቆሞ መቅዘፊያውን ይጠርጋል። መቼም እንዲህ ያለውን ነገር ጨምሮና ቀባብቶ እስከ ገና የሚያወራው እሱ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ፔንግዊኖቹ ጎጆዎች ገባን። የእንቁላሉን ሕግ እኛ ጥርስ ሳናወጣ ነው የምንማረው። ፔንግዊን መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ትልቅ ትጥላለች። ትንሹ ድሮም አይፈለፈልም፤ እሱን ውሰድ፣ ትልቁን ተውላት። እዚህ ሰፈር ሰክሮ ጀልባ የገለበጠ ሰው አለ፤ ከአጎቱ ልጅ ሠርግ ላይ ዶሮ የሰረቀም አለ። ትልቁን እንቁላል ያነሣ ግን የለም።

አጎት ሳይለስ ባልዲዎቹን እየተቀበሉ ሲያራግፉ ከአባዬ ባልዲ አንድ ትልቅ እንቁላል አወጡ። ከዚያ ሌላ፤ ከሥሩም ሌላ።

«አንተ ልጅ፣» አሉት ሳይለስ፣ «ከፔንግዊኖቹ ጋር ቂም አለህ እንዴ?»

ሰዎቹ ሳቁ። አባዬ እንቁላሎቹን በኮፍያው ይዞ ተመልሶ መንጋው መሀል ገባ። ፔንግዊኖቹ ቅልጥሙን እየነከሱት ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው እያጎነበሰ ያያል። የትኛው የየትኛዋ እንደሆነ ማን ይለያል? ሁሉም ያው ቢጫ ቅንድብ፣ ያው ጩኸት ነው። በመጨረሻ ኮፍያውን ታቅፎ እዚያው ኩሱ ላይ ቁጭ አለ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሳቁ ቆመ።

አጎት አምብሮዝ ተነሥተው ሄዱ። መንገድ ላይ አንዴ ወደቁ፣ ማንም ሳያያቸው የተነሡ መስሏቸው አቧራቸውን አራገፉ፣ ደርሰውም አጠገቡ ተቀመጡ። እኔ እዚያው ጥግ ላይ እየቆጠርኩ ስለነበር ሰማኋቸው።

«ሚስትህ እዚያ፣ አንተ እዚህ። ከዚህ ምን ይፈለፈላል?» አሉት።

«አትምጣ ብላኛለች።»

«አትምጣ ስትባል የምትሰማ ባል አንተን አየሁ። እኔ ሟቿን ሚስቴን፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም፤ እሷም ይህን ታውቅ ነበር።»

አባዬ «ልጅቷስ?» አለ።

እማዬ፣ የተከራየሽው ክፍል ለሁለት ሰው እንኳ በግድ እንደሚበቃ ራስሽ ጽፈሻል። ስለዚህ አጎት አምብሮዝ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኳቸው። እኔ ከተማ አልወድም፤ መኪና ይገማል፣ ሰዉም ሰላምታ አይሰጥም አልኩ። ደግሞ አያቴን ትቼ የት እሄዳለሁ? ብቻዋን ብትቀር በጓን ከድንች ጋር ማሳው ውስጥ ነው የምትቀቅላት አልኩ። አባዬ ቀና ብሎ አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ። እኔም ወደ ፔንግዊኖቹ ዞሬ መቁጠሬን ቀጠልኩ። የዚያን ጥግ ቁጥር፣ እውነቱን ከፈለግሽ፣ ከራሴ የፈጠርኩት ነው፤ የምቆጥረውን አላየሁም ነበር። አጎት አምብሮዝ ግን ዘንድሮ መንጋው ተባረከ ብለው ለሰው ሁሉ እያወሩ ነው።

ከተመለስን በኋላ አባዬ ወደ አንቺ ሊመጣ ስለ ቆረጠ፣ ሽማግሌዎቹ ስለ ከተማ ሊያስተምሩት በየተራ መጡ። ሳይለስ አንዴ ጥርስ ሊያስነቅሉ ኬፕ ታውን ስለሄዱ ሊቅ ናቸው። መንገድ ላይ ያገኘኸውን ሁሉ ሰላም አትበል፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አፍህ ይዝላል ብለው መከሩት። ማሳችንን እሳቸው ያርሱታል። ጀልባው ላይ ያለውን የአባዬን ቦታ ግን ማንም ልውሰድ ብሎ አልጠየቀም።

እንግዲህ አትመልሺው። መጀመሪያ ላይ ዝም ቢልሽ ታገሺው፤ ባሕር የሚታይበት ቦታ ውሰጂውና ይተንፍስ። እዚያም እንደ አህያ የሚያናፋ ፔንግዊን አለ ይላሉ፤ እያየ ይቆይልሽ። ኩላሊትሽን ስትታጠቢ እጅሽን ይያዝልሽ። ለእኔ አታስቡ፤ ምግብ እበላለሁ፣ ትምህርቴንም እማራለሁ፣ አያቴን መቆጣትም ለምጃለሁ።

ጥቅሉ ውስጥ የሱፍ ካልሲ አለ፤ እኔ ነኝ የሠራሁት። የሰፈራችን ሰው የካልሲውን የቀለም መስመር እየቆጠረ፣ ሠሪዋ የሚለብሰውን ሰው ምን ያህል እንደምትወድ ሲለካ ይውላል። ያንቺው ላይ መስመሩ እስከ ተረከዝ የወረደው ነጭ ክር ስላለቀብኝ ብቻ ነው። ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። አያቴ «በግ በሞላበት ደሴት?» ብላ ሳቀችብኝ፤ አሮጊት ደግሞ ምን ታውቃለች።

እግዚአብሔር ደምሽን ያጥራልሽ፣ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ። የአባዬንም መንገድ ያለ ማዕበል ያድርግልን።

ልጅሽ ሎሬታ