ለቧንቧ የተላከ ሽማግሌ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ዝናብ። መንገዱ ተዘጋግቶ አረፈድኩ። ባለቤቱ ኩባንያ የላከው የትንሿ ኑክሌር ሪአክተር የመጨረሻ ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ይጠብቀኛል። ድሮ ለምርምር ያገለገለች ናት፤ ነዳጇ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ሕንፃው ከጨረር ነጻ ነው ብዬ ከፈረምኩ ፈቃዱ ይዘጋል፣ ማንም ገዝቶ ይገባበታል።

ገጽ 212 ላይ ከወለሉ ሥር ስላለው የፍሳሽ ቧንቧ ምን ይላል? «መድረስ ስላልተቻለ አልተለካም፤ ንጹሕ እንደሆነ ይገመታል።» ይገመታል... እንዲህ ከሆነማ የኔም ፍሪጅ ኋላው ንጹሕ ነው። ወለሉን ሰብራችሁ ለኩ ብዬ መለስኩት።

እሑድ፣ ማርች 9

የቸርቻችን የሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሼ ጀማነህ መድረክ ላይ ወጡ። «ጌታ ቤት ሰጠን!» ፎቶው ስክሪኑ ላይ መጣ... የኔዋ ሪአክተር። ሕዝቡ እልል አለ። ትልቁ ክፍል ለሕፃናት ይሆናል አሉ። የቀረው አንድ የመንግሥት ፊርማ ነውና ጸልዩበት። አምስት መቶ ሰው በፊርማዬ ላይ ጸለየ። እኔም አሜን ያልኩ መሰለኝ... ከልማድ።

ሰኞ፣ ማርች 10

ገዢው ቸርቼ መሆኑን ለአለቃዬ ነገርኩት። ከኔ ፊርማ ሥር የሱም እንዲጨመር ወሰነ።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ሽማግሌ ተላከብኝ። ጋሃና ከተማ ያለው ቤቴ ድረስ፣ ሱፍ የለበሱ ሦስት ሰዎች፣ ብርቱካን ይዘው። ልጄን ሊጠይቁ አይደለም፣ የተጣላሁትም ሰው የለም... ለቧንቧ።

«እህት መዓዛ፣» አሉ ጋሼ ጀማነህ፣ «ዲሌይ ካደረግሽን ሻጩ ዲሉን ካንስል ያደርገዋል። ኩባንያው ክሊን ነው ብሎ ጽፏል። ወረቀት ካለ ምን ቀረ?»

«ቧንቧው አልተለካም፣ ጋሼ።»

«እምነትስ?»

«እምነትም አለኝ፣ መለኪያም አለኝ።»

ሌላው ሽማግሌ ስለ ቤተሰብ ገመና ተረት ጀመሩ። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ አልኳቸው። ከዚያ ልቤ እንዲለሰልስ ቆመው ጸለዩልኝና ሄዱ።

ልጄ ሔርሞን ከደረጃው ላይ ሆና፣ «ማም፣ ሲሪየስሊ? ፎር ኤ ፓይፕ?»

ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ባሌ ሲሞት ሳምንት ሙሉ ሳሎኔ ያደሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ሰኞ፣ ማርች 17

ለአለቃዬ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። አስፈራሩሽ ወይ? ጸለዩልኝ። የሰጡሽ ነገር አለ? ብርቱካን። ይህንንም ጻፈው። ሽማግሌ መላክን የሚያስገባበት ቦታ ግን ቅጹ ላይ አጣ። «ልዩ ልዩ» የሚለው ውስጥ ከተተው።

እሑድ፣ ማርች 23

ቸርች ውስጥ አጠገቤ ማንም አልተቀመጠም። ቦርሳዬ ሰፊ ወንበር አገኘ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

ወለሉ ተሰበረ። ቧንቧው መገጣጠሚያው ላይ ከተሰነጠቀ ቆይቷል። መለኪያው ጮኸ። ቧንቧውም፣ ሥሩ ያለው አፈርም ከሚፈቀደው በላይ። የኩባንያው ሰው «አንኤክስፔክትድ» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። አውቄ ነበር ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር? ቁጥሩን ጽፌ እንደገና አስለካሁ እንጂ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 6

ግዢው ቀረ። ጋሼ ጀማነህ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ጌታ አደጋውን ለሽማግሌዎቹ ገልጦላቸዋል አሉ። እልልታ። እጄን ላወጣ ነበር... ተውኩት።

ስወጣ ፓርኪንጉ ላይ ጠበቁኝ። ብቻቸውን፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። ለካ ፌብሩዋሪ ላይ ሻጩ ቁልፍ ሰጥቷቸው፣ ሕንፃውን ለማየት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ገብተው ኖሯል። ቁልፍ? በማን ፈቃድ? ይኸው ሌላ ሪፖርት።

«ኤልናታን እዚያ ወለል ላይ ሲንከባለል ነበር፣ የኔ ልጅ...» አሉ።

«የወለሉ ላይኛው ተለክቷል ጋሼ፣ ንጹሕ ነው። ችግሩ ከኮንክሪቱ ሥር ነበር። ሪፖርቱን ልላክልዎት።»

«ወረቀት ምን ያደርግልኛል? አንቺ ራስሽ ለኪልኝ።»

የመኪናቸውን ኋላ ከፈቱ። በፌስታል ላይ ፌስታል የታሰረች አንዲት ጥንድ የሕፃን ጫማ።

ስቄባቸው መሄድ እችል ነበር። ቀን ሙሉ ስጠብቀው የነበረው ሳቅ አልመጣልኝም። ነገ አለቃዬን አስፈቅጄ መለኪያ ይዤ ሊንደን ሰፈር ያለው ቤታቸው እሄዳለሁ። ጫማዋ ንጹሕ እንደሆነች አውቃለሁ። እለካታለሁ።